ከደጅ አስነሱት

ሐምሌ አጋማሽ ነበር፣ ሽምብጥ ሰፈር ማታ፤
ከደቅ ደሴት ወዲህ መብረቅ ጣናን ሲመታ
መብራት ድርግም አለ። ቤቱ ጸጥ እንዳለ
አንማው ብድግ ብሎ «ዓሣዬን!» እያለ።

ፍሪዘሩ ሙሉ፤ ቆሮሶና አምባዛ፣
ግማሹን በብድር ከአስጋሪ የገዛ።
«በረዶው ከቀለጠ ጠዋት ነው የሚሸት፤
ዓሣው ለውሻ ነው፣ ዕዳው ግን ለእኛ ቤት።»

ቀይ ጄኔሬተር አለን፣ ያገለገለ ዕቃ፣
ገመዱን ሦስቴ ስበው አኩርፎ የሚነቃ።
አንማው ዝናቡን አየ፤ ሌባውን አሰበ፤
ኮሪደር አስገብቶ፣ በርና መስኮት ዘግቶ
ሳበ፣
ሳበ፣
ሳበ።

ብርሃን ሆነ። ፍሪዘሩ ዳግም አጉረመረመ።
ባሌ ግንባሩን ጠርጎ እንደ ጀግና ቆመ።

ልጄ ማስተዋል ደግሞ የቤት ሥራዋን ይዛ
«እማ፣ ራሴን» አለች እጇን ተመርኩዛ።
ግንባሯን ዳሰስኩት፤ ትኩሳት የላትም።
«ወባ ነው» አልኳት እኔ፤
የሐይቅ ዳር ሰው ሌላ በሽታ አያውቅም።
ኋላ አቅለሸለሻት፤ እኔንም አዞረኝ፤
ወለሉ ተናውጦ ታንኳ ላይ መሰለኝ።
ክኒኑን ከመሳቢያ ላወጣ ብል
እጄ እንቢ አለኝ።
ማስተዋል ተኛች።
ከሁላችን ቀድማ ማስተዋል ተኛች።

«ጢስ አባይ» ሲሉኝ እኔ የማውቀው ፏፏቴ፤
ከሩቅ የሚያገሳ፣ ርጭቱ የሚታይ፣
«አትቅረቢኝ» የሚል ገና ከመምጣቴ።
ለካ ከቤት ሲገባ ጢሱም አባይ ኖሯል፤
ሽታ የሌለው፣ መልክ የሌለው፣
እንደ ዘመድ ገብቶ ትራስ የሚያደላድል፣
«ደክሟችኋል ተኙ» ብሎ
ቀስ አድርጎ የሚገድል።

ጤናው ብረት በያጁ፣ ግድግዳ የምንጋራው፣
ድምፁ ከውስጥ መምጣቱ እንቅልፍ ቢነሳው
በሩን በትከሻው ገነጠለ።
አንድ ቃል አልተናገረ። መጀመሪያ ልጅቷን፣
ቀጥሎ እኔን፣ አንማውን በእግሩ ጎትቶ
ጭቃው ላይ ዘረረን፣ ዝናብ ሥር አስተኝቶ።
ማስተዋል አስመለሳት፤ ከዚያ አለቀሰች።
እንደዚያ የሚጣፍጥ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አፍንጫችን ላይ
አየር ሲያስሩልን፣ ሐኪሟ አንማውን አየችው።
«ዓሣህስ ተረፈ?» አለችው።
«አልቀለጠም» አለ፤
ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

አሁን ቀዩ ማሽን ከደጅ ነው የሚያድር፤
ግቢው ጥግ ቆርቆሮ ጥላ አለው፣ ጎኑ ክፍት፣
አፉን ወደ ጣና፣ ጀርባውን ለቤት።
ከመስኮቱ ሃያ እርምጃ ነው፤
አንማው «ሃያ አንድ» ይላል።
ቤንዚን ሲያልቅ ያጠፋዋል፤ ሳይቀዳ
በርጩማ ስቦ እስኪበርድ ይጠብቀዋል፣
እንደ ተቆጣ ሰው።
ከግድግዳ ሶኬትም አይሰካውም፤
«ምሰሶ ላይ የወጣ የሰው ልጅ አለ» ይላል።

ባለፈው ጥቅምት፣ ሌሊት፣ ሰንሰለት ሲንኳኳ
ነቃን። ሁለት ሰው፣ አንድ ጋሪ፣
ቀዩ ማሽን በጨለማው ወደ አስፋልቱ ሲርቅ።
ውሻው ጮኸ። አንማው በር ላይ፣ በቁምጣ፣
«ሌባ!» ይላል ብዬ ስጠብቅ
እጁን አፉ ዳር አድርጎ፣ ባለ በሌለ ድምፁ፦
«ከደጅ አስነሱት! ሰማችሁ?
ልጆች ካሏችሁ... ከደጅ!»