ሹም ሽር

በጥር፣ ሐይቁ ጠንክሮ ድንጋይ በሆነበት፣
መኪና እንደ አስፋልት በሚነዳበት፣
ሰሌዳ ታቅፌ፣ እስክሪብቶ በብብቴ
(ቀለምም ይረጋል) ወጣሁኝ ከቤቴ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ቢጫ አውቶቡስ ነድቼ፣
የዚህን አገር ልጅ ከየደጁ አንስቼ፣
አሁን ያንኑ ደጅ አንኳኳሁ ሲነጋ፣
«ሴናተሩ ይውረድ» አንድ ፊርማ ፍለጋ።

በእኛ በዊስኮንሲን ሕጉ እንዲህ ይላል፦
የሾመ ሰው፣ ቢከፋው፣ መልሶ ይሽራል።
ስልሳ ቀን ይሰጣል። በስልሳው ቀን ውስጥ
የከፋው ስንት ነው? በፊርማ ይገለጥ።

«ይህ ፈተና ነው» አለ በሬድዮ አንድ ምሁር፣
«የሕዝቡ ስሜት ነው የሚለካው በምር፤
ቴርሞሜትር በሉት፣ የብብት ሥር።»
እኔ ያየሁት ግን
በር ነው። ብዙ በር።

ሚስት የፈረመችበት፣ ባል ያንጓጠጠበት፤
ውሻ የለቀቁብኝ፣ ኬክ ያጎረሱኝ ቤት፤
ነርሷ ካባኦ ቫንግ፣ ከሌሊት ሥራ ወጥታ፣
በመኪናዋ ጣሪያ ላይ ወረቀቱን ዘርግታ፤
ጡረተኛው ሎዌል፦ «ስሜን ያነቡታል፣
ልጄ እነሱ ዘንድ ነው፣ እንጀራው ይነካል»
ብሎኝ፣ በሩን በቀስታ፣ ሳይዘጋው ዘጋው።

በመጨረሻው ቀን ወደ ሐይቁ ወረድኩ፤
ዓሣ አጥማጆቹን በየጎጇቸው ጠየቅሁ።
ከዳር ያለችይቱ፣ በቀይ የተቀባች፣
የወንድሜ ጎጆ፣ እንደ ድሮው አለች።

አርቪድ።
ያ ሕግ ወጥቶ ማኅበራችን ሲፈርስ፣
እኔ በእናታችን ማዕድ ፊት ሳለቅስ፣
«ይበላችሁ» ያለኝ፣ ድንቹን እየቆረሰ።
ሁለት ገና አለፈ። ቃል አልተመለሰ።

ቀና ብሎ አላየኝ። ከበረዶው ቀዳዳ
ዓይኑን ሳያነሣ፣ እጁን ብቻ ሰደደ።
ፈረመ። በትልቁ። አድራሻውም ሳይቀር።
እኔም ወጣሁ፣ አንዲት ቃል ሳልናገር፤
እንባዬ ሳይወርድ ጉንጬ ላይ ረጋ።
አርቪድም ከከፋው፣ አልኩ፣ ማን ቀረ ያልከፋው?

ሰኔ።
በእሳት አደጋው ጣቢያ፣ መኪኖቹ ወጥተው፣
የካርቶን ከለላ፣ ወንበር ተደርድረው፣
ሰልፉ ነዳጅ ማደያውን አልፎ ተጠማዞ፣
ሰዉ ሁሉ በኪሱ የየራሱን ይዞ።
ማታ ተቆጠረ።
የፈረመው ሁሉ አልመጣም፤
የመጣውም ሁሉ የፈረመ አይደለም።
ግሬብነር ተረፈ፣ ስድስት መቶ አሥራ አንድ ድምፅ በልጦ።
ያው ምሁር በሬድዮ፦ «ሕዝቡ ተናገረ»።
ምን ብሎ? ለምንስ? እሱን አልነገረ።

ከጣቢያው ስወጣ መሪዬ በራሱ
ወደ አርቪድ ጋጣ ታጠፈ። ከብቶቹ ተነሡ።
የማለቢያው ሞተር ያጉረመርማል።
«አንተም ከነሱ ነህ?»
የላሟን ጡት በጨርቅ እየጠረገ፦
«አራት ዓመት ብለን ቀጥረን፣ አራት ዓመት ነው።
በክረምት የረገጠችሽን ላም
ሳትወልድ አትሸጫትም።»
«ታዲያ ለምን ፈረምክ?»

ዝም። ሌላ ላም። ሌላ ጨርቅ።
«ጣቶችሽ» አለኝ፣ «ሰማያዊ ሆነው ነበር።
ቶሎ ቤትሽ እንድትገቢ ብዬ ነው።»

አሥራ ሰባት ሺህ ስም በካርቶን ጭነናል፤
ስንቱ ቁጣ ነበር? ስንቱ ብርድ? ማን ያውቃል?
ስንቱ ለጎረቤት፣ ስንቱ ለእህት ሲባል
የተጻፈ ፍቅር ለጥላቻ ተቆጥሯል?

ባልዲውን አነሣሁ። «ወዲያ በይው» አለኝ።
ወዲያ አልኩት። ሌላውን ጨርቅ አቀበለኝ።
ሹሙም አልተሻረ።
ሌላ ነገር ግን፣ ዳር ዳሩን፣
ሻረ።