ያለ ጉዳይ

ሰኞ ጠዋት ነበር፣ ዘጠነኛ «ለ» ክፍል፣
ጉሙ ከጣርማ በር ወርዶ መስኮት ላይ ሲንጠለጠል፣
አራት የእንግሊዝ ቃል በጠመኔ ጻፍኩኝ፣
«ሁሉም መሄድ ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል» አልኩኝ።

«ስትሮል» ሲመሽ ወጥቶ ንፋስ መቀበል ነው፤
«ሶንተር» እጅ በኪስ፣ መንገዱ የራስ ነው፣
እንደ ባለርስት ልጅ፣ ማንም ላይጠይቀው፤
«አምብል» ከከብት መጣ፣ ከሰጋር አካሄድ፣
ብርሌ ሙሉ ጠጅ ይዞ፣ ጠብ ሳይል መንገድ።
«ፕሮሚናድ» ግን ቸገረኝ፤
መሄዱም መሄጃውም ባንድ ስም የሚጠራበት፣
ዛፍ በረድፍ ቆሞ፣ ሰው ሰውን ሊያይ ብቻ የሚወጣበት።

ምንተስኖት ከኋላ እጁን አወጣና
«ቲቸር፣ የት ሊደርሱ ነው?» አለኝ ኮስተር አለና።
«የትም» አልኩት።
ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፣ ደወልም ተደወለ።

ልክ ናቸው።
ደብረ ሲና ውስጥ መንገድ ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል፤
ሜዳ ያለው ኳስ ሜዳው ነው፣ እሱም ወደ ቆላ ያዘነብላል።
የሚሄድ ሰው «ወዴት ነው?» ይባላል፤
መልስ ያጣ እንደሆነ «ምን ሆኖ ነው?» ይባላል።

ቃልማ ሞልቶናል ለዚህ ለእግር ጉዳይ፤
ግን ብዙው ስድብ ነው፣ ቀረብ ብለህ ስታይ፤
ሥራ ለፈታ ሰው «ይውደለደላል» ነው፣
ልቡ ለሸፈተ «ይቅበዘበዛል» ነው፣
የባከነ ይባዝናል፣ የኮራ ይንጎማለላል፤
ጥፋት ሳይኖርበት ቀስ ያለ በምን ይጠራል?
«ሽርሽር» አለ እርግጥ፤ እሱም ስሙ ሲነሣ
ሎንቺናና ሙዚቃ፣ በግ ነው ትዝ የሚለን፣ አበሳ!

አክስቴ ፋናዬ ሠላሳ አንድ ዓመት ሮጣለች።
የደሴ አውቶብስ ፍሬን ሲይዝ ከሰማች፣
የቆሎ ሳህኗን ታቅፋ፣ በመስኮቱ ሥር፣
«ቆሎ በሱፍ! ቆሎ በሱፍ!»፣ ጎማው መዞር ሲጀምር
መልስ እየቆጠረች፣ ከጎማው እኩል።
እሷን ተቀምጣ ያየ አለ፤
ቀስ ስትል ያየ የለም።

ዘንድሮ ስኳር አሉ። ነርሷ ካርድ ላይ ጻፈች፣
«በቀን ግማሽ ሰዓት ዎክ ያድርጉ» አለች።
«ወዴት?» አለች አክስቴ።
«ወደየትም፣ እማማ።»
«ኧረ ምን ቆርጦኝ ልጄ! መንደሩ አያማ?»

በመጀመሪያው ቀን ባዶ ጀሪካን ያዘች፣
ውሃ ልትቀዳ ነው እንዲሏት ብላ ወጣች።
(ቧንቧው ግቢዋ ከገባ አራት ዓመት ሆኖታል።)
በማግስቱ ጃንጥላ፤ ሰማዩ እንደ መስተዋት።
በሦስተኛው ዘንቢል።
በአራተኛው እኔን ያዘችኝ፣ እንደ ዘንቢሏ፤
«የወንድሜን ልጅ ልሸኝ» ሆነ መልሷ።

አስፋልቱን ይዘን ወጣን፣ ወደ ዋሻው በኩል።
ቆላው ከታች እየደበዘዘ፣ እኔ ከኋላ እያለከለክሁ፣
«ቀስ በይ እንጂ!» አልኳት።
«እግሬ እኮ አያውቅም» አለች፣
ቆመች፣ እንደገና ጀመረች፤
አንድ እርምጃ። ሌላ። እንደ ሕፃን።
ከዚያ አንድ ቤት ፊት ቀጥ ብላ ቀረች፣
«ይሄ በረንዳ ሰማያዊ ነው እንዴ?» አለች።
በዚህ ደጅ ስትሮጥ ነው ጸጉሯ የሸበተው።

ያኔ አውቶብስ መጣ። ፍሬኑ ሲጮህ
ትከሻዋ ቀድሞ ሄደ፤ እጇ የሌለ ሳህን አቀፈ።
ነጠላዋን አጣፋች።
በመስኮት አንድ ሰው «ቆሎ የለም?» አላት፤
«ከታች አለልህ፣ ልጆቹ ጋ» አለችው፤
አውቶብሱ እስኪያልፍ በረንዳውን አየች።

ዛሬ ሰኞ ነው። የቤት ሥራ ሰብስቤያለሁ፤
ምንተስኖት ለአራቱም «መሄድ» ብሎ ጽፏል፣
በቀይ ላርመው ብዬ እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀርቷል።
ሲመሽ ለአክስቴ ዳቦ ይዤ ሄድኩ።
በሩ ዝግ ነው።
ጎረቤቷ በአጥር አንገቷን ብቅ አድርጋ፣
«ወዴት ነሽ ብላት፣ መሄዴ ነው አለችኝ፤ ምን ነካት?» አለች።
እኔ ምን ልበላት?
ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ፤
ጀሪካኑ፣ ጃንጥላው፣ ዘንቢሉ፣ እኔ፣
አራታችንም ቀርተን።