ጡት መጣል

ዶክተር ኤቸቬሪ መሳቢያውን ስቦ ሁለት ጡት አወጣ፤
አንደኛው ድብልብል፣ ሌላው እንደ እንባ ከላይ ቀጥኖ የመጣ።
«ግራሽ ተቀዷል» አለ፣ ፎቶውን በእስክሪብቶው ጫፍ እያሳየ፣
«ሃያ ሦስት ዓመት! ከስንቱ ትዳር በላይ ቆየ።»
ሳቀ። ሳቅሁ።
ከሩቤን ጋር እንኳ ሰባት ብቻ ዘለቅሁ።

«ወይ በአዲስ እንተካው፣ ወይ አውጥተን እንተወው፤
ጡቱ ያንቺው ነው ዙልማ፣ አንቺ ነሽ ቁርጡን የምትቆርጪው።»
የኔ ነው፤ እውነቱን ነው።
በሃያ አራት ወር ክፍያ ነው የገዛሁት፤
ደረሰኙን ከክር ሣጥኔ ሥር ነው እስካሁን ያኖርሁት።

ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሮሳሪዮ፤
ሱቄ ትገኛለች ከፓራና ወንዝ ሁለት መንገድ ዘልላ፤
አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ
ለልደት ቀሚሷ ትመጣለች፣ እናቷን አስከትላ።
ሜትሩን በደረቷ ስጠመጥም ትንፋሿን ውጣ ትቆማለች፤
መተንፈስ እንኳ ታፍራለች።
«ተንፍሺ» እላታለሁ፣ «ቀሚሱ ነው ላንቺ የሚበጀው፣
አንቺ አይደለሽም ለእሱ የምትበጂው።»
ጥሩ ምክር ነው። መካሪዋ እኔ ግን
በሃያ ስምንት ዓመቴ፣ ላንድ ሰማያዊ ቀሚስ ብዬ
ገላዬን አሰፋሁ።

አልዋሽም፣ ወድጃቸዋለሁ።
አንድ የጥር ቀትር በዋና ልብስ ከወንዙ ስወጣ፣
ከእህል መርከብ ላይ አንዱ መርከበኛ አፏጨ፤ ሳቄ ሳላስበው መጣ።
ያቺን ቀን አልክዳትም፤ ጡት ነካሽ አልሆንም።
ግን ደግሞ ይህንም አልሸሽግም፦
ከውኃ ወጥቼ ገላዬ ሲሞቅ እነሱ ይዘገያሉ፤
ግባ እንዳልተባለ እንግዳ፣ ደጅ ላይ ቀዝቅዘው ይቆያሉ።
በሆዴ ተኝቼ አላውቅም፣ ሃያ ሦስት ክረምት ሙሉ።

እህቴ ኔሊዳ «ተኪው» ትላለች፣ ድስቷን እያማሰለች፣
«ካወጡትማ የተነፈሰ ኳስ ነው። ሴልቫን አላየሻትም?
ወር ሙሉ መስታወቷን በአንሶላ ሸፍና ከረመች።»
አልተሳሳተችም። መስታወቱን እኔም እፈራለሁ።
የተተካውም ቢሆን ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ
ይጠብቀዋል አሉ ሌላ ቢላ።
በጣቴ ቆጠርሁ፦ ስልሳ ስድስት።
ያኔም ይሄው መሳቢያ፣ ይሄው ድብልብል፣ ይሄው እንባ፣ ይሄው ሌላ?

እሑድ ማታ። ዝናብ።
ሰማያዊውን ቀሚስ ከቁም ሣጥኑ አወጣሁ፤
ለኔሊዳ ልጅ ልሰጣት ነበር፤ የደረቱን ስፌት ተረተርሁ፤
ሻዬ ቀዝቅዞ፣ ከተማው ጸጥ ሲል ነው የባነንሁ፦
ሁለት ጣት ያህል አጥብቤ በስፒል ወጋግቼዋለሁ።
በማን ልክ?
የልጅቷን ለክቼ አላውቅም።
ሜትሩ አንገቴ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ነው።
እጄ አፌን ቀድሞት አድሯል።

ሰኞ ጠዋት፣ ጨርቄን ሳልሰበስብ፣ ደወልሁ።
«ለመተካት ነው?» ጸሐፊዋ አለችኝ።
እናቴ እሬት ቀብታ፣ በሁለት ዓመቴ ጡት አስጣለችኝ፤
ይኼኛውን ማንም እሬት አልቀባልኝ፤
በአምሳ አንድ ዓመቴ፣ እኔው ልጥል ነው።
«ለማውጣት» አልኋት።
አልሰማችኝም፤ ስፒሎቹን በከንፈሬ ይዤ ነበር።
አንድ በአንድ ከአፌ አወጣኋቸው፣
ትራሳቸው ላይ ሰካኋቸው፣
ደግሜ አልሁ።