እኛ ስንቀመጥ ወንበሩ ይሰፋል

ወንድሜ ኑርዬ ዝም ያለ ቀን
ታንኳው ግማሽ ላይ ነበረች፤
ደንገሉ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ ታስሮ
አፍንጫዋ ብቻ ቀረች።
ማሰሪያውን በጥርሱ እንደያዘ
ሐይቁን እያየ ቆሞ ቀረ፤
እኔን የመሰለኝ
የዓሣ ዋጋ ሲያሰላ ነበረ።

ከዚያ ሳምንት ሆነ፤ ከዚያ ወር።
እህል ሲያቀርቡለት ግድግዳ ማየት፣
ሌሊት ውሃ ዳር ወርዶ
ከማላየው ሰው ጋር ማምሸት።
«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባላል፤
እሱን ግን ምንም ሳያስቀው ወሰደው።
ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ሆነ፤
አንዱ «ጂን ነው»፣ አንዱ «ዓይን ነው»፤
አጎቴ ብቻ በሩ ላይ ቆሞ
«እሰሪው» አለኝ፣ «ከምትቀብሪው»።

እኔም አሰርኩት፤ አልዋሽም፤
ታንኳ በሚጠብቅበት ገመድ።
ሦስት ቀን አንጓውን ባየሁ ቁጥር
የኔ እጅ ነበር የሚነድ።

በአራተኛው ፈታሁት።
አስፋልት ወጥተን ባጃጅ አስቆምን፤
ልጁ ከእግር እስከ ራስ አየን፤
ደንገል ደንገል እንሸታለን መሰለኝ፤
«ሞልቷል» ብሎ ባዶውን ሄደ።
ሆስፒታሉ እንኳ ሩቅ አይደለም፤
ከጎጇችን ደጅ ጣሪያው ይታያል፤
ግን አንዳንድ ቅርብ አለ፣
ከሩቅ የባሰ ይርቃል።

እዚያ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፣
ሰማያዊ፣ ቀለሙ የለቀቀ።
ጫፉ ላይ ቁጭ ብንል
አጠገባችን የነበረው ሰው
ስልኩን አነሳ፣ ራቀ።
ቀጥላ ሴትዮዋ፣ ነጠላዋን ሰብስባ፤
ቀጥሎ ልጇ፤ ቀጥሎ አዛውንቱ።
እኛ ስንቀመጥ ወንበሩ ይሰፋል፤
ከተማው ለነገደ ወይጦ የመተረው መሬት
ይኸው ነው ስፋቱ።

«ስም?» አለ የካርድ ክፍሉ ልጅ።
«ኑርዬ እንድሪስ።»
«የቤት ቁጥር?»
ቤታችን ቁጥር የለውም፤
ውሃው ሲሞላ ይነሳል፣
ሆቴል ሲሠራም ይነሳል።
ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ፤
«ያለ ቤት ቁጥር ካርድ አይወጣም።»
ያኔ ወንድሜ፣ ከወር በኋላ፣
አፉን ከፈተ፤
«እንግዲያስ» አለ፣ «እኔም አልወጣም»፤
ብሎ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ።

ከኮሪደሩ አንዲት ነርስ መጣች፣
በእጇ ግማሽ ሳምቡሳ ይዛ።
ሲስተር ውብአንቺ ይሏታል።
ከወንበሩ አላስነሳችውም፤ ወንበር ላይ አልነበረም፤
እሷም መሬት ወረደች፣ ግድግዳ ተደግፋ።
የት እንደሚኖር አልጠየቀችም።
«ትተኛለህ?» አለችው።
«አልተኛም።»
«ሥራህስ?»
«ታንኳ።»
«ስንት ሰው ትጭናለች?»
ቆየ። በጣም ቆየ። የሰው ተራ አለፈ።
«ሁለት» አለ፣ «ስንሄድ።»
ሌላ አልጨመረም።
አባቴ የሰጠመ ለት
እሱም አብሮት እንደነበር
እኔ እህቱ፣ በአንድ ጎጆ፣ በአንድ ሰሌን፣
አላውቅም ነበር።

ካርዱ ወጣ። የቤት ቁጥር በሚለው መስመር
«ከዋርካው በታች፣ ያላለቀው ታንኳ አጠገብ»
ብላ ሞላችው፤
ጥጉ ላይ የሳምቡሳ ዘይት አለ፣
እስካሁን አልደረቀም።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ እሷው ትወርዳለች።
የደንገል ነዶ ላይ ትቀመጣለች፤
መጀመሪያ ሁሉም «እኔ ደህና ነኝ፣
ለጎረቤቴ ነው» ብሎ ይመጣል፤
ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።
ሦስት ልጅ የቀበረችው ዛህራ፣
ከጠርሙስ የማይለየው አጎቴ፣
አዎ፣ «እሰሪው» ያለኝ፤
ነዶው ጠባብ ነው፣ ትከሻ ለትከሻ ያስነካል፤
የሚሸሽ ግን የለም።

ተድኗል አልልም።
መድኃኒቱ በየካቲት አልቆ «ከውጭ ግዙ» ተብለናል፤
የዓሣው ገንዘብ አልበቃም፣ ያ ወር ክፉ ነበር።
ሲስተርም ዝውውር ጠይቃለች ይላሉ፤
እሷን ለመጠየቅ ፈራሁ።
ባጃጁም ያው ባዶውን ይሄዳል።

ትናንት አመሻሽ ላይ ግን
ኑርዬ ታንኳዋ ዘንድ ሄደ፤
አፍንጫዋን ዳሰሰ፤
አንድ ቋጠሮ ቋጠረ።
ፈታው።
ደግሞ ቋጠረ።