ጥላውን ንገሪኝ

ቀን ሙሉ የጋመው ቆርቆሮ እየበረደ፣
ሰፈሩ አልጋውን ተሸክሞ ወደ ደጅ ወረደ፤
ወርሰሜ ቶርኖ ግን ሰገነት ነው መንገዱ፣
ደረጃውን በእጁ ይቆጥራል አንድ ባንዱ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ለባቡሩ ብረት ቀርጿል፤
ከከዚራ ጓሮ የተጣለ ቧንቧ ለቅሟል፤
መስተዋቱን ባሸዋ፣ ክረምቱን በሙሉ
ሲፍቀው ሲያሸው ከርሞ፣ "ለየለት" እስኪሉ
ጎረቤቶች ሁሉ፣
ቴሌስኮፕ ሠራበት።

ዛሬ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፤ ሁለቱንም።
"ሂንዲያ፣ እዪልኝ" ይላል። እንቢ አልለውም።

ጨረቃ ግማሽ ናት። ቀንና ሌሊቷ
የተጣጣፉበት አለ አንድ ስፌቷ፤
እዚያ ነው፣ ፀሐይ ብቅ ስትልባት፣
ትንሿን ጉብታ ጥላዋ የሚበልጣት።

"ሙሉ የሆነች ለት አትምጪ" ይለኛል፤
"እንደ ድሬ ቀትር ሁሉም ነገር ይፈጥጣል፤
ጥላ ሁሉ ሸሽቶ ከጫማ ስር ይገባል፣
ገደልና ሜዳው አንድ ይመስላል።
ሰው የሚያወድሳት፣ የሚዘፍንላት ያቺ ሌሊት
እኔ ክዳኔን ገጥሜ የምተኛባት ናት።"

ጠቆር ያለ ሜዳ አየሁ።
"እሱ ባሕር ይባላል፤ ውኃ ግን የለውም።"
"እንደ ደቻቱ?" አልኩት፣ ሳቄ ቀድሞኝ።
"ደቻቱ" አለ፣ "ይመጣል አንዳንዴ።"
ከዚያ ወዲያ ዝም።

"አሁን ሦስት ጉድጓዶች፣ እንደ ፉርጎ የተቀጣጠሉ፣
ስፌቱን ተከትለሽ ፈልጊ።"
"አሉ።"
"የመጨረሻዪቱ ውስጧ?"
"ጨለማ ነው፣ እስካፍ ገደፏ ሞልቷል።"
"ቆይ።"
ቆየሁ። ከታች ባጃጅ ይሄዳል ይመጣል፤
የቅንድቤ ላብ መነጽሩን ያረጥባል።
ድንገት ከድቅድቁ መሃል
አንዲት ነጥብ! ከምንም ያልተያያዘች፣
እንደ ሲጋራ ጫፍ ብቻዋን የበራች።
"የተራራው አናት ነው" አለ ቀስ ብሎ፣
"እግሩ ገና አልነጋለትም።"

ስለ ነጥቧ ንጣት ስቀባጥር፣ ስቸኩል፣
ክንዴን ያዘኝ፤ "ብርሃኑን ተዪው፤ ብርሃን የትም እኩል።
ጥላውን ንገሪኝ። የት ደረሰ? ጥርስ አለው? ይሾላል?"
እኔ ስነግረው፣ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ
እንደ ካሊፐር ይከፈታል፣
አየር ላይ ይለካል።

ከዚያ ሸሸች።
"ጠፋች!" አልኩት።
"እኛ ነን የዞርነው" አለ። ባንድ ጣቱ
ቧንቧውን መታ አደረገ፣ እንደ ሰው በር፣ በቀስታ፤
ተመልሳ ገባች
ከነነጥቧ፣ ከነጥላዋ፣
እሱ ፊቱን ወደ ሐዲዱ እንዳዞረ።