ማሳ ፍለጋ

ኢብሪ፣ ሰናዒያ ሰፈር፣ ሐምሌ ሲጋመስ፣
ፒንሳ በጨርቅ ተይዞ፣ ቆርቆሮው ሲያተኩስ፣
ጥላው ራሱ ጥላ በሚፈልግበት፣
ሙሰለም መጣብን በስምንት ሰዓት።

ነድቶ አልነበረም፤ ልጁ በገመድ ጎትቶት፣
ነጭ ፓትሮል ይዞ፣ የሰማንያ ሰባት፣
ወንበሯ ቴምር የጠጣ፣ ፍየል የተኛበት፣
ግራ በሯ ሰማያዊ፣ ከሌላ ሬሳ የመጣ፣
መስኮቷ በካርቶን ሽብልቅ ቀጥ ብሎ የወጣ።

«ትሞታለች» አለኝ። «ምልክት የላት። ድንገት።
ፊት ራዲዮኑ ነው፣ ቀጥሎ መብራት፣
ከዚያ ሞተሩም ዝም፤ ያውም ሰው በሌለበት።
ቀዝቀዝ ሲላት ደግሞ፣ ምንም እንዳልነበር፣
ትነሳለች። ሁለት ባትሪ ገዛሁ፣ ዲናሞም ጭምር።
ስምህ ሲራጅ አይደል? ሲራጅ ማለት ፋኖስ።
በል እንግዲህ አብራ፣ እኔ ሻይ ልቅመስ።»

ስሜን ለሱ ትቼ ኮፈኑን ከፈትኩት።

ባትሪ፦ አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት። ጤነኛ።
ተርሚናሉ ጥብቅ፣ እጅ መንሻ የማይቀበል ዳኛ።
ፊውዞቹን ነቀልኩ፣ አንድ ባንድ፣ ምስር እንደሚለቀም፣
ወደ ፀሐይ አንስቼ አየሁ፤ የተበጠሰ ክር የለም።
ቺንጊያው አይንሸራተት። ዲናሞው አሥራ አራት።
የዳካው ሹኩር ሳቀ፦ «ኮምፒውተር ሰካባት!»
እሷ ምን ኮምፒውተር አላት? አፍ የሌላት በሽተኛ ናት፣
ዳብሰህ፣ አሽትተህ፣ ጆሮህን ጥለህ የምታውቃት።

ታዲያ ጉልበቱ የት ሄደ?

ሻሸመኔ ጋራዥ ውስጥ ያስተማረኝ ሳህሌ፣
ሁለት ጣት የጎደለው፣ ስድብ የማያልቅበት፣
እንዲህ ይል ነበር፦
«ሰው ሁሉ የሚያየው ቀዩን ነው፣ የሚሄደውን።
ማነው የሚያጣራ መመለሻውን?
የሄደ ካልተመለሰ አምፖል አይበራም፣ አንተ ደንቆሮ።
ቀዩን ተወውና ማሳውን ፈልግ።»

ማሳ ስል ሽቦውን ነው፤ ወንድሜ አይስማኝ።

የቴስተሩን አንድ ጫፍ ኔጋቲቩ ላይ፣
ሌላውን ከሞተሩ ራቁት ብረት ላይ፣
«አስነሳ!» አልኩት ልጁን።
ዜሮ መሆን ነበረበት። ሁለት ተኩል አለ።
ክንድ በማትሞላ መንገድ ሁለት ቮልት ተኩል
ተበላ፣ እንደ ደላላ ድርሻ፣ ማንም ሳያይ።

ከሥር ገባሁ። የጋለ ዘይት ትከሻዬ ላይ ጠብ እያለ፣
ከሞተሩ ጀርባ፣ እጅ እንጂ ዓይን በማይደርስበት፣
አገኘሁት፦ የተሸረበ መዳብ፣ ጠፍጣፋ፣ ያረጀ፣
ከባሕር ርቆም ጨው የበላው፣ አረንጓዴ የለበሰ።
ጫን ብለው፣ እንደ ደረቀ የበርበሬ ዛላ
ፍርክስክስ አለ በእጄ።
ሦስት ክር ቀርቶታል። ሦስት ክር፣ ሲቀዘቅዝ የሚነካካ፣
ሲግል የሚለያይ። ለካ
ሰውዬው በዚህ ነው በረሃ የሚያቋርጠው።

ሀላባ ያለው የኛም፣ የአባቴ ቀይ አፈር፣
ዛላው ሲሰጣ ከሩቅ የሚያስነጥስ፣
ለዚህ መንገድ ሸጥነው፤ ለቪዛ፣ ለትኬት፣ ለዚያ ደላላ።
ወንድሜ ዛሬ እዚያው ቦይ ላይ ለሌላ ሰው ይኮተኩታል።
ይህን ያኔ አላሰብኩም፤ ዘይት ዓይኔ ገብቶ ነበር።

ከቁርጥራጭ ክምር የሸቭሮሌ ገመድ ቆረጥኩ፣
ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩ፣
ብረቱ ራሱ እስኪያየኝ። ቡሎኑን አጠበቅኩ፣ ግራሶ ቀባሁ።

ሙሰለም ቁልፉን አዞረ።
ራዲዮኑ በሙሉ ድምፁ ጮኸ፦ የማዕበል ትንበያ፣
ማሲራ ደሴት፣ ለዓሣ አጥማጆች ማስጠንቀቂያ፤
እዚህ፣ በአሸዋ መሃል። ሳቀ፣ ሻዩ ተደፋ።
«ስንት?»
«ሁለት ሪያል።»
ባለጋራዡ ከመስታወት ጀርባ፣ ከኤሲው ሥር፣
አምስት ጣት አሳየኝ፣ ከዚያ አሥር።
አላየሁም።
ሽማግሌው ሦስት ሰጥቶኝ ሄደ። ጉብታው ላይ ጆሮዬን ጣልኩ፤
አልሞተችም።

ማታ ወንድሜ ደወለ፦ «ገዢው እሩቡን ያከራያል፣
ለዘንድሮ ብቻ። እንያዘው?»
ስንት እንደሚል ነገረኝ። ዝም አልኩ።
ጥፍሬን በኦሞ አሸሁ፤
አረንጓዴው አልለቀቀም።