መጣ?

ኮምቦልቻን የማውቃት ከቆርቆሮ በላይ፣
ገመድ በትከሻ፣ መፍቻ በኪሴ፣ ዓይኔን ወደ ሰማይ።
ሥራዬ ዲሽ ማዞር፤ አንድ ቃል ነው ያለኝ፣
ከላይ ሆኜ «መጣ?»፤ ከታች ያለው ሰው ነው የሚመልስልኝ።
ትንሽ ወደ ምሥራቅ፣ ጣት ታህል ከፍ ሲል፣
«መጣ?» «መጥቶ ሄደ!» ይኼው ነው የኔ ዕድል።

ሰኔ ላይ አንዲት ልጅ ከደሴ ወረደች፣
ኢክራም ትባላለች፤ ሀረጎን ቁልቁል ወረቀት ታቅፋ መጣች።
በወረቀቱ ሳጥን፣ በሳጥኑ ጥያቄ፤
«ካንተ ጋር ልዙር ወይ፣ ቤት ለቤት ጠይቄ?
ለኔ በር አይከፍቱም፤ ላንተ ግን ይከፍታሉ፣
ሥዕል የጠፋበት ሁሉ እንደ ሐኪም ነው የሚያይህ አሉ።»
መሰላሌን ያዘች። ዞርን።

መጀመሪያ አራጋው፤ ከጨርቃ ጨርቅ ሃያ ዓመት የሸመነ፣
ማሽኑ ከቆመ ወዲህ ሶፋው ላይ የመነነ።
«በቀን ስንት ሰዓት ያያሉ?» ስትለው ሳቀና፦
«ሰዓት የሚቆጥር፣ ልጄ፣ ሥራ ያለው ነውና፣
እኔን ጠዋት ዜና፣ ቀትር ድራማ፣ ማታ ደሞ ያው ዜና።
አይቼ መሰለሽ? ድምፁ ነው የሚከልለኝ፣
ቤቱ ጸጥ ካለ ምስጡ ሲበላ ይሰማኛል፣ ኪራዩ ሲጠራኝ።»
የመጨረሻው ሳጥን «ከአምስት ሰዓት በላይ» ይላል፣
ከዚያ ወዲያ ሳጥን የለም። አራጋው ከወረቀቱ ይተርፋል።

ከደረቅ ወደቡ ጀርባ፣ የባለ ከባድ መኪናው ቤት፣
አምስት ቦታ ገጥሜለታለሁ፤ አንዱማ መታጠቢያ ቤት!
ጌትዬው ጅቡቲ፣ እመቤቲቱ ሱቅ፣ ልጆቹ ስልክ ላይ ናቸው፣
ሳሎኑ ለብቻው ሲበራ ያመሻል፤ ዘበኛው እንድሪስ ነው በመስኮት ተመልካቻቸው።
መስታወቱ ድምፅ አያሳልፍ፤ ጋቢውን ተከናንቦ፣
ለተዋንያኑ ቃል ያድላቸዋል፣ ከራሱ ጭንቅ ሰብስቦ፦
«በሬውን ሸጥኩት» ያሰኘዋል ባለ ከረባቱን፣
«ዕዳው ይወርዳላ!» ያሰኛታል ባለ ሐር ቀሚሲቱን።
ገቢ፦ ዝቅተኛ። ሰዓት፦ ሌሊቱ በሙሉ።
«ቴሌቪዥን አለዎት?» «የለኝም» ሆነ ቃሉ።

«አንተስ?» አለችኝ መንገድ ላይ። መለኪያዬን አሳየኋት፣
መዳፍ የምታህል ናት፤ ቁጥር ብቻ የሚታይባት።

የፓርኩ ስፌት ልጆች ስድስት ናቸው ባንድ ክፍል፣
ዕቁብ ሲወጣላቸው ገዙት፤ አልጋው በፈረቃ፣ ሪሞቱም በፈረቃ ሲውል።
ክፍል ስምንትን ዙበይዳ፣ ዘጠኝን ሰርካለም አይታ፣
ሙሉዋ ታሪክ ምሳ ላይ ትገጠማለች፣ እንደ ሸሚዝ እጅጌ ተሰፍታ።
«የት ልመድባችሁ?» «ስድስታችንን እንደ አንድ ሰው፣
ደሞዛችን ተደምሮ መቼ ካንድ ሰው አለፈው!»

ሲመሽ፣ ቦርከና ዳር፣ እመት ሀዋ ቤት ደረስን።
«ነፋስ አዞረብኝ፤ ወደ ዐረቦቹ መልስልኝ ዲሹን።»
ከፋቲሃ ወዲያ ዐረብኛ አያውቁም፣
ግን ሌላ አያዩም፤ ድራማም፣ መንዙማም አይጠይቁም።
የጅዳ መንገድ ይታይ ብቻ፤ መብራት፣ ዘንባባ፣ የሱቅ ደጅ፣
ሻንጣ የምትጎትት፣ መሬት መሬት የምታይ አንዲት ልጅ።
ሐናን ስልኳን ካነሣች ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አልፎ፣
«ማን ያውቃል፣ ከወሬ ነጋሪው ጀርባ ፊቷ ቢታይ ተሰልፎ?»

ኢክራም ወረቀቱን ገለጠች፤ «ለምን ያያሉ?» ከሚለው ሥር፣
ለመዝናናት፣ ለዜና፣ ለትምህርት፣ ለጊዜ ማሳለፊያ፣ አራት ሳጥን በአንድ መስመር።
እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ።

እኔ ጣራ ወጣሁ። ጨለማ ነው፤ ባትሪዬን በጥርሴ ነክሼ፣
ብሎኑን አላላሁ፣ ዲሹን በሁለት እጄ እንደ ፊት ዳስሼ።
ሠላሳ… አርባ ሁለት… ስልሳ…
ታች መስኮቱ ሰማያዊ ሆነ። ዕድሜዬን የጮህኩት፣
ያ ቃል ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ እምቢ አለኝ፣ ብለው ብሠራው ብጎትት።
ቆርቆሮው ላይ ቁጭ አልኩ። አልጠየቅሁም።

እሳቸው ናቸው ከታች፣ በቀስታ፦
«ሥዕሉስ መጥቷል።»